ከኮተኒ በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ አንድ ፋብሪካ ነው።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው «ኮተኒ» ሲባል ማብራሪያ አይጠይቅም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ቤተሰብ በፈረቃው የሚተኛበትና የሚነሳበት ነበር፤ የእግር ኳስ ቡድኑም በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ ወስዷል። የፈትል ክፍል ሠራተኛ የነበሩት ጎረቤታችን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ቅንድባቸው በጥጥ ብናኝ ነጥቶ እናየው ነበር፤ እኛ ልጆቹም ሰውየው ሌሊቱን የሚያረጁ ይመስለን ነበር።

በ1967 ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ኮተኒም የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አረጀ፤ በኮንትሮባንድ የሚገባው ጨርቅና ሰልባጅ ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ታይዋን በምንለው ገበያ፣ ከፋብሪካው ጣቃ በረከሰ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በመጨረሻ ፋብሪካው ተዘጋ። ያን ዘመን ማሞገሴ አይደለም፤ አሮጌ ማሽን አሮጌ ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዳኒ ሮድሪክ ታዳጊ አገሮች እንደ ቀደምቶቹ ሳይበለጽጉ ከኢንዱስትሪ ማፈግፈግ መጀመራቸውን «ያለ ዕድሜው የመጣ» ክስተት ይለዋል። የማኑፋክቸሪንግ ድርሻው ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 5 በመቶ አካባቢ ለሆነ አገር ግን ይህ አገላለጽ ራሱ የቅንጦት ይመስለኛል፤ ለማፈግፈግ አስቀድሞ መራመድ ያስፈልጋልና።

በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ይቀይራል ተብሎ ነበር። በኅዳር 2014 ግን ትልቁ አሜሪካዊ የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች እንደሚወጣ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከመውጣታቸው በፊት የነበረው አሠራር ነው፤ በአመዛኙ ጨርቁ ከውጭ ይገባል፣ እዚህ ተቆርጦና ተሰፍቶ ይወጣል፤ ገዢው ፊቱን ሲያዞር የሚቀረው ሼዱና መርፌ የለመደ እጅ ነው። ኮተኒ ግን ጥጡን ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ አቅልሞ ጨርቅ አድርጎ ስለሚያወጣው ከሠራተኛው ጋር የሚቀረው ሙያ ሰፋ ያለ ነበር። ይህን የምለው ጎረቤታችንን አይቼ ነው።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሰውየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆኑ። ደንበኞቻቸው በታይዋን ገበያ ሰልባጅ እያጠበቡ የሚያስተካክሉ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ።