ኮረሱን አትሰርዙት

[ባዶ መድረክ። አንዲት ተማሪ ጽሑፈ ተውኔት እያነበበች በእርሳስ ገጹን ሙሉ ትሰርዛለች።]

የተማሪዎች የቲያትር ቡድን ጥንታዊ የግሪክ ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) ለመሥራት ሲነሣ፣ እርሳሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በኮረሱ ላይ ነው። ኮረስ በአንድነት እየዘመረና እየጨፈረ የሚናገር ቡድን ነው። ንግግሩ ይረዝማል፤ በአማልክትና በወንዞች ስም የተሞላ ነው፤ ታሪኩንም እምብዛም አያራምድም። ስለዚህ ይሰረዛል፣ ወይም በአንድ ተራኪ ይተካል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መትረፍ ያለበት እርሱ ነው እላለሁ። ንግሥት ሆኖ ብቻውን መድረክ መሙላት ለወጣት ተዋናይ ከባድ ነው። ኮረሱ ግን የተማሪ ሥራ ነው።

[በአቴና ከተማ ያለው የአክሮፖሊስ ኮረብታ ደቡባዊ ተዳፋት፤ በግማሽ ክብ የተደረደሩ የድንጋይ መቀመጫዎች።]

እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን አቴናውያን ትራጄዲ የሚያዩት በወይን አምላክ በዲዮኒሶስ በዓል፣ በዚህ ተዳፋት ላይ፣ በቀን ብርሃን ነበር። ተናጋሪ ተዋንያኑ 3 ብቻ ነበሩ፤ ጭምብል እየቀያየሩ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ይጫወታሉ። ኮረሱ ግን በመጀመሪያ 12፣ በኋላም 15 ሰዎች ነበሩት፤ ቁጥሩን የጨመረው ጸሐፌ ተውኔቱ ሶፎክለስ እንደሆነ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች የከተማይቱ ዜጎች እንጂ የመድረክ ባለሙያዎች አልነበሩም። ባለጸጋ ዜጋ ወጪያቸውን እየሸፈነ ይለማመዳሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ ወደየኑሯቸው ይመለሳሉ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለልምምድ የሚሰበሰቡ 15 ተማሪዎች ከእነርሱ ብዙም አይርቁም።

የጸሐፌ ተውኔቱን የዩሪፒደስን «የትሮይ ሴቶች» እንውሰድ፤ ግሪኮች ትሮይን ድል አድርገው ሴቶቿን በባርነት ሊወስዱ ሲዘጋጁ የሚሆነውን ያሳያል። የቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የአቴና ጦር የሜሎስን ደሴት ይዞ፣ ለአቅመ ውጊያ የደረሱትን ወንዶች ገድሎ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ለባርነት ሸጦ ነበር። ተመልካቹ ይህን እያወቀ ተቀምጦ ነው ከተማቸው የወደመባቸውን ሴቶች ያየው። ዩሪፒደስ በዚያ ውድድር ሁለተኛ ወጣ።

[ድንኳኖች። አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተኝታለች።]

የትሮይ ንግሥት የነበረችው ሄኩባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከመድረኩ አትወጣም። ስትጮህ ከድንኳኖቹ ግማሹ ኮረስ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሌላው ግማሽ። ይህ አወጣጥ ከጽሑፉ የተገኘ ስጦታ ነው፤ አትለፉት። የመጀመሪያዎቹ ገና ከእንቅልፍ እንደባነኑ «ምን ሆነ?» ይላሉ፤ የኋለኞቹ ፍርሃቱ ደርሷቸው ይመጣሉ። ቃሉን ሁሉ 15ቱም እኩል ከጮኹት ግን ምንም አይሰማም። መስመሮቹን ለየአንዳንዷ ሴት አከፋፍሉ፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሰው፤ በአንድ ድምፅ የሚናገሩበትን ቦታ ደግሞ ቆጥባችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ሴቶቹ ወዴት እንደሚወሰዱ ይገምታሉ። አቴና ቢሆን ይመኛሉ፤ ስፓርታን ይጸየፋሉ፤ የፔኔዎስ ወንዝ ስላለበት አገርና ስለ ኤትና ተራራ ያወራሉ። የተማሪ አዘጋጅ «እነዚህን ስሞች ማን ያውቃቸዋል?» ብሎ የሚሰርዘው እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹስ መቼ አወቋቸው? ስለ ፔኔዎስና ስለ ኤትና የሚናገሩት በወሬ ስለሰሙት ነው። ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበትን አገር በስሙ ብቻ ነው የሚያውቁት። ተመልካቹ ስሙን አለማወቁ እነርሱ በቆሙበት ቦታ ያቆመዋል። ስለዚህ ስሞቹ ይቆዩ፤ ተዋናዮቹ ግን አፋቸው እየተፈተነ፣ ቀስ ብለው ይጥሯቸው።

መቁረጥ ግድ ከሆነ የአማልክቱን መግቢያ አሳጥሩ፤ አሸናፊዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር እንዲጠፉ የሚስማሙበትን ክፍል ግን አትንኩ። ስለ አልባሳት ብዙ አልልም፤ አንድ ዓይነት ተራ ጨርቅ ይበቃል።

ታልቲቢዮስ የሚባለውን የግሪኮቹን መልእክተኛ ለማን እንደምትሰጡ ግን ደጋግማችሁ አስቡ። ብዙ ቡድኖች ክፉ ወታደር ያደርጉታል፤ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። የሄኩባን የልጅ ልጅ፣ የሟቹን የሄክቶርን ትንሽ ልጅ አስትያናክስን ከእናቱ የሚወስደው እርሱ ነው፤ ልጁ ከግንብ ይወረወራል። በኋላ ሬሳውን በአባቱ ጋሻ ላይ አስተኝቶ ያመጣል፤ የስካማንድሮስን ወንዝ ሲሻገር በገዛ እጁ አጥቦታል። ትእዛዝ የሚፈጽም፣ የሚያፍርም ሰው ነው። ድምፁ የለሰለሰ ተማሪ ፈልጉለት።

[መብራቱ ይቀላል። ጭስ የለም፤ እሳት የለም።]

በመጨረሻ ትሮይ ትቃጠላለች። ቃጠሎውን በመብራትና በድምፅ መሣሪያ ለማሳየት አትድከሙ። ሄኩባ ተንበርክካ በሁለት እጇ መሬቱን እየመታች ሙታኑን ትጠራለች፤ ኮረሱም ተከትሏት ይንበረከካል፣ ከምድር በታች ያሉ ባሎቹን ይጣራል። የቆጠባችሁትን አንድ ድምፅ አሁን አውጡት። 30 መዳፍ የእንጨት ወለል ሲመታ ንዝረቱ የፊተኞቹን ተመልካቾች እግር ሥር ይደርሳል። ከዚያ ይነሣሉ፤ ወደ መርከቦቹ ይሄዳሉ፤ መድረኩ ላይ ማንም አይቀርም።