ሥራው ከቢሮ ወጥቷል፤ ርክክቡስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾች። ይህን ድምፅ የምቀርጸው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሠፈር ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ለማያውቃት ደግሞ ባጃጆቹ ዛፍ ሥር እንደቆሙ፣ ሱቆቹ በራቸውን ገርበብ እንዳደረጉና የደቻቱን ወንዝ የሚሻገር ሰው እንደማይታይ ብነግረው ይበቃዋል። ይህ ሰዓት በከተማችን የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሕጉን ያወጣው ሙቀቱ ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ ምክንያቱም የተቀጠርኩበት ድርጅት አዲስ አበባ ነው፣ የድርጅቱ ደንበኛ ኒውዮርክ ነው፣ እዚያ ደግሞ ገና ማለዳ ነው። የማራገቢያ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ማራገቢያውን ካጠፋሁት ዝግጅታችን እዚሁ ላይ ያበቃል።

የዛሬው ርእሳችን ዘመናዊው የሥራ ቦታ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከቦታው ነው፤ ቢሮ ወይስ ቤት፣ ወንበር ወይስ ፍራሽ፣ ክራቫት ወይስ ሽርጥ። እኔ ግን ዋናው ለውጥ የቦታ ለውጥ ነው ብዬ አላምንም። የተለወጠው ርክክቡ ነው። አንዱ የጀመረውን ሥራ ሌላው የሚቀበልበት መንገድ ነው የተለወጠው። ርክክብ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው ደጋግሜ እጠራታለሁ።

እንግዲህ ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። የዚህ ቻናል ነባር ተከታታዮች አሁን «ይኸው፣ ባቡር ሊል ነው» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ባቡር ልል ነው። ባቡር የወለዳት ከተማ ልጅ ሌላ ምን ምሳሌ ይኖረዋል?

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች፤ ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፋል፣ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይቀጥላል። ልብ በሉ፤ ድሬዳዋ ከመጀመሪያውም የርክክብ ከተማ ነበረች። ባቡሩ ያስረክባል፣ ግመሉ ይረከባል፤ ግመልና ባቡር ደግሞ በአንድ ሰዓት አይሠሩም።

መስመሩ ነጠላ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል የነበረው ስፋት 1 ሜትር ነው። በነጠላ መስመር ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ወደ ጎን መስመሩ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል፣ የቆመው ከዚያ በኋላ ይነሣል። ስለዚህ የጣቢያው ኃላፊ ከሚቀጥለው ጣቢያ ጋር ሳይነጋገር ማንንም አይለቅቅም። አንዱ ካልቆመ ሌላው አያልፍም። ይህን አባባል ስብሰባ ለሚወድ አለቃችሁ ላኩለት፤ ስብሰባ ማለት ይኸው ነውና። አሥር ሰዎች ስብሰባ ሲቀመጡ አንዱ ይናገራል፣ ዘጠኙ የጎን መስመር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ መቆሙ ግድ ነው፤ ሁለት ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚያደርገው እርሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የጎን መስመር ላይ የሚያቆም ድርጅት ግን ዕቃ አያደርስም።

አሁን ደግሞ ከመስመሩ ወጥተን ወደ ዕቃ ማከማቻው እንግባ። አባቴ በወጣትነቱ ምድር ባቡር ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኔም ይህን ምሳሌ የወረስኩት ከእርሱ ነው። ሣጥኑ ሌሊት ይደርሳል፤ ነጋዴው ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣል፤ አምጪና ወሳጅ አይተያዩም። የሚያገናኛቸው ከሣጥኑ ጋር የመጣችው ወረቀት ብቻ ናት፤ ከማን፣ ለማን፣ ስንት ፍሬ፣ ስንት ኪሎ፣ ምኑ ጎደለ፣ የትኛው ጎኑ ተሰበረ። የድርጅቱ የጽሕፈት ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር ሥራ የፈለገ የድሬ ልጅ ቢያንስ የወረቀቱን ፈረንሳይኛ ይለምድ ነበር፤ ዛሬ የኛ ልጆች የኢሜይል እንግሊዝኛ እንደሚለምዱት ማለት ነው። አባቴ ወረቀት የሌለውን ሣጥን «ወላጅ አልባ» ይለዋል። ወላጅ አልባው ሣጥን ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ ውስጡ ሐር ይሁን ሚስማር የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ሰው እየዞረው ያልፋል።

በየኮምፒውተራችን ውስጥ ስንት ወላጅ አልባ ሣጥን አለ? «የመጨረሻ» የሚል ፋይል አለ፤ «የመጨረሻ ሁለት» አለ፤ «የመጨረሻ ትክክለኛው ይሄኛው» አለ። የኔ ነው እንዴ ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ የኔም ነው።

ቢሮ ውስጥ አብረን ስንውል ወረቀቱ ባይኖርም ሥራው ይሄድ ነበር፤ አንገታችንን ብቅ አድርገን «ይህቺ ምንድን ናት?» ብለን እንጠይቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲደረግ ያ የምንጠይቀው አንገት ጠፋ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የቸገራቸው ኢንተርኔት መስሏቸው ነበር፤ በእርግጥ ኢንተርኔትም ቸግሯቸው ነበር፤ ከኢንተርኔቱ በላይ ግን ወረቀቷ አልነበረችም። የሚገርመው ደግሞ የኛ አገር ንብረት ክፍል ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቀዋል። ለገባው ዕቃ ሞዴል 19፣ ለወጣው ዕቃ ሞዴል 22 የሚቆርጥ አገር፣ ለአንድ የሪፖርት ረቂቅ ሦስት መስመር ማስረከቢያ መጻፍ ለምን እንደሚከብደው አላውቅም። ወንበር ስናስረክብ ተራቅቀናል፤ ሐሳብ ስናስረክብ ግን ጠረጴዛ ላይ ጥለን እንሄዳለን።

አዲሱን ሐዲድ ደግሞ ሳልጠቅሰው አላልፍም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ፉርጎው ስለተበላሸ ሳይሆን እግሩ ስለማይገጥም ነው። የቢሮውን ልማድ እንዳለ ወስደው በቪዲዮ ስብሰባ የሚደግሙ ድርጅቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካሜራ፣ አምስት ሰዓት ላይ ካሜራ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ካሜራ። ድሬዳዋ ውስጥ ስምንት ሰዓት ላይ ካሜራ የሚያስከፍት አለቃ ግን፣ በበኩሌ፣ የሰው ፊት ማየት ሳይሆን ላብ ማየት የሚወድ ነው።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ተገኝቶ የሚሠራው አለ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ሠርቶ የሚያስረክበውም አለ። ሁለተኛው እንዲሆን ሁሉም የሚጽፍበት አንድ የጋራ ሰነድ፣ ማን ምን እንደያዘ የሚያሳይ የሥራ ሰሌዳ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያስታውስ የለውጥ ታሪክና ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ መግቢያ ያስፈልጋል። ሰውም የሚመዘነው በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን ባስረከበው ነው። አለቀ። ኔትዎርኩን በተመለከተ ደግሞ ድሬዳዋ ቅር አይበላት፤ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቀድመናል። በዚያው ወር የነፃ ንግድ ቀጠናውም እዚሁ ተመረቀ፤ ስለ እርሱ ያዘጋጀሁትን ቪዲዮ ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እግረ መንገዳችሁንም ሰብስክራይብ ብትሉ አልቀየምም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሰዓት ስትጽፉ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ለውጭ ደንበኛ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተላጭቼ፣ ሸሚዝ ለብሼ ተቀመጥኩ። ሰውየው የመጣው በኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ ሽርጤን አገልድሜ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ክፍያ ጉዳይ ልገባ አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ ካለፈው ዝግጅት በኋላ ብዙ ተመልካቾች ደጋግመው የጻፉልኝን ነገር ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። «ከቤቱ የሚሠራ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ሠራተኛ አይባልም፤ ይህ የፈረንጅ ፈጠራ ስለሆነ ሕጋችን አያውቀውም» ትላላችሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ አዋጁ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ አማርኛ ደግሞ እናነባለን።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ውል ለብቻው ይናገራል። አንድ ሰው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረውና ሳይመራው፣ ዋጋ እየተከፈለው በመደበኛነት ሲሠራለት ይህ ውል ነው ይላል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ይዞ ነበር። እንግዲህ የቪዲዮ ስብሰባ በአገራችን ሳይለመድ፣ ሕጉ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሰው ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይኸውላችሁ፤ አሠሪው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው ሸጦ ምርቱን መልሶ ቢገዛው እንኳ አዋጁ «ሽያጭ ነው» ብሎ አያልፈውም፤ የቤት ውስጥ ሥራ ውል ነው ይለዋል። ይህን ድንጋጌ ያሰበ ሰው ዓይኑ ፊት የነበረው ላፕቶፕ ሳይሆን ክርና ስንደዶ ይመስለኛል።

«የፈረንጅ ፈጠራ» ያላችሁኝ ደግሞ እስከ ሐረር ድረስ አብራችሁኝ ውጡ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊው መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ ጨርቁን ሰጥታችሁ፣ ልካችሁን አስለክታችሁ ትሄዳላችሁ። ስንት ሰዓት ተቀመጠ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሆጃውን ሲጠጣ ብታዩት አትቆጡትም፤ የምትከፍሉት ለተሰፋው ልብስ ነው። ከመንገዱ ገባ ብላችሁ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ደግሞ ተመልከቱ፤ በየቤቱ የተሠሩ ናቸው፤ ያውም ፊርማና የመግቢያ ሰዓት ሳይኖር። ከቤት መሥራት ለኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው፣ አስረካቢውና ተረካቢው በአንድ ከተማ አለመኖራቸው ነው።

ይሁን እንጂ የተመልካቾቼ ስጋት ግማሹ እውነት ነው። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለሌላው ሰው በክፍያ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። በመተግበሪያ በኩል ለውጭ ደንበኛ አርማ የሚስል ወይም ጽሑፍ የሚተረጉም የድሬ ወጣት ብዙ ጊዜ በዚህኛው ጎራ ነው የሚመደበው፤ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ ቢታመም የሚከፍለው የለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ግን ውሉ ነው፤ ቤቱ አይደለም። በመደበኛ ቅጥር ላይ ሆናችሁ «ከቤትህ ሥራ» የተባላችሁ ከሆነ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ወሰን ሳሎናችሁ ድረስ ይከተላችኋል። አሠሪው ከዚያ በላይ ሲያሠራችሁ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «አንዴ ይህቺን እያት» የምትል የቴሌግራም መልእክት ስትመጣ ይህን አስታውሱ። ውላችሁንም አንብቡት፤ ፈርማችሁ መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁትን ማለቴ ነው።

ስለ ርክክብ ይህን ያህል ካወደስኩ በኋላ፣ በወረቀት ስለማይረከብ ነገርም መናገር አለብኝ። አባቴ ሥራውን የለመደው ማንም ቁጭ አድርጎ አስተምሮት አይደለም። አንድ ሽማግሌ ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት በእግራቸው ገፋ ሲያደርጉት ያይ ነበር፤ ከድምፁ ውስጡ መሰበሩን ያውቃሉ። ይህ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተጻፈም፤ አጠገባቸው የቆመ ወሰደው። ዛሬ በእኛ ክፍል ሥራ ከጀመረ ስምንት ወር የሞላው ልጅ አለ፤ ሁሉን ነገር በጽሑፍ አስረክቤዋለሁ፣ የማልጠራጠርበትን ብቻ። የምጠራጠርበትን፣ ራሴን የምነቀንቅበትን፣ ስልክ ዘግቼ «ይህ ሰውዬ አይከፍልም» የምልበትን ግን አላየም። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ በጨዋ ቃላት ሲያታልለው ቆይቶ ልጁ እስከ መጨረሻው አልነቃም። ማስረከቢያዬን መልሼ አነበብኩት፤ ምንም አልጎደለውም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሥራዬን ስሠራ ካሜራ ከፍቼ ዝም ብሎ እንዲያየኝ አደርጋለሁ። ለእርሱ ስል በፈቃዴ የጎን መስመር ላይ እቆማለሁ ማለት ነው። ይበቃ እንደሆነ ገና አላወቅኩም፤ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ይህን ቪዲዮ የምታቀናብረው ልጅ ሐረር ናት፤ አሁን ተኝታለች፣ ሥራዋን የምትጀምረው ማታ ነው። ስለዚህ ማስረከቢያዋን እዚሁ ላንብብላት። የድምፅ ፋይል ብዛት ሦስት። አንደኛው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ ስለ ሞዴል 19 በምናገርበት ቦታ፣ ሁለት ጊዜ አስነጥሻለሁ፤ ይቆረጥ። ሦስተኛው መካከል የዐስር አዛን ይሰማል፤ እርሱ አይቆረጥ። የማራገቢያውን ድምፅ ቀንሺው። የመኪና ግርግር ምስል የለኝም፤ ካንቺ ቤት ቅርብ ስለሆነ ስትወጪ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅረጪልኝ፤ የልብስ ሰፊዎቹን ፊት ግን ሳታስፈቅጂ እንዳታነሺ። አስረካቢ፣ እኔ። ሰዓቱ፣ በኛ፣ አሥር ከሩብ።