ሒሳቡን ችሎ ቃሉ ላይ መውደቅ

[ስክሪኑ ላይ፦ 17 ÷ 5]

እሺ፣ 17 ብርቱካን አለ እንበል። ልጆቹ አምስት ናቸው። ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል፣ ሁለት ይተርፋል። ይሄን የማይሠራ የለም፣ ከረሜላ ስንከፋፈል ያደግንበት ነገር ነው። ፈተና ላይ «ተካፋዩ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዙ ልጅ 5 ብሎ ይጽፋል። እኔም ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ጽፌያለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ገባብኝ፣ ለምን እንደተሳሳትኩ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቤታችን አማርኛ ተካፋይ ማለት ድርሻ የሚደርሰው ሰው ነው። «የደስታችሁ ተካፋይ ነን» እንል የለ? ስለዚህ ልጆቹ ተካፋይ ቢመስሉን አይፈረድብንም። ሒሳብ ላይ ግን ተካፋዩ ብርቱካኑ ነው፣ የሚታደለው 17።

[ቃሎቹ ከየቁጥሩ ሥር አንድ በአንድ ይውጡ]

17 ተካፋይ። 5 አካፋይ። ለአንድ ልጅ የደረሰው 3፣ ድርሻ። የተረፈው 2፣ ቀሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መሸምደድ አያስፈልግም፣ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ድምርና ልዩነትም እንደዚያው ስለሆኑ ዘልያቸዋለሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ¾]

ሦስት አራተኛ። ከመስመሩ በላይ ያለው 3 ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለው 4 ታህት ይባላል። ሁለቱም የግዕዝ ቃላት ናቸው፣ ለዚህ ነው ጆሮ ላይ የሚከብዱት። ግን የመጀመሪያ ፊደላቸውን እዩ፦ ላዕል፣ ላይ። ታህት፣ ታች። በቃ። አዲስ አበባ ውስጥ 7ኛ ክፍል ስትደርሱ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ላዕል ኒዩመሬተር፣ ታህት ዲኖሚኔተር ይባላሉ፤ ስማቸው ይቀየር እንጂ ቦታቸው ያው ነው።

ክፍልፋይ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። «ሦስት ሰዓት ከሩብ» ስትሉ ሩቡ የአንድ ሰዓት አንድ አራተኛ ነው፣ 15 ደቂቃ። አንድ ሦስተኛም የራሱ ቃል አለው፣ ሲሶ። ዛሬ ዛሬ ብዙም አይሰማም፣ አያቶቻችሁ ግን ያውቁታል፣ ጠይቋቸው። እኔ በበኩሌ «አንድ ሦስተኛ» ከማለት ሲሶ ማለት ደስ ይለኛል።

[የአንድ ክፍል ወለል፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር]

አሁን ደግሞ ሌላው አሳሳች ቃል፣ ስፋት። ቤት ውስጥ «የአልጋው ስፋት ስንት ነው?» ሲባል ሜትሩን ይዘን ጎኑን እንለካለን። የሒሳብ መጽሐፍ ግን ያንን ጎን ወርድ ነው የሚለው፤ ስፋት የሚለው ወለሉ በሙሉ የሚይዘውን ቦታ ነው፣ ርዝመት ሲባዛ በወርድ። እዚህ ክፍል ውስጥ 4 በ3 ሲባዛ 12 ካሬ ሜትር ይመጣል። ደላላ «200 ካሬ ቦታ አለ» ሲል የሚያወራው ስለ ስፋት ነው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ብትዞሩ ደግሞ 4 ሲደመር 3 ሲደመር 4 ሲደመር 3፣ 14 ሜትር፤ እሱ ዙሪያ ነው። ዙሪያ ላይ ካሬ ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቆርጣል፣ ተጠንቀቁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ 23 ÷ 4]

ቪዲዮውን አቁሙና አራቱንም በስማቸው ጻፉ።

[አምስት ሰከንድ ዝምታ]

ድርሻው 5፣ ቀሪው 3። ተካፋዩ 4 ነው ያላችሁ፣ ወደ ብርቱካኑ ተመለሱ።