መብትና ግዴታው ተላልፏል

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው የጅማ ዝናብ ነው። ቀረጻው ላይ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ሳምንት የአባዬን ሳጥን ከፍቼ ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባዬ ወረቀት አይጥልም። አንድ ሰማያዊ ፋይል አገኘሁ። የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ለቀበሌ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም በቀዳዳ ተበስቶ በየዓመቱ ተሰድሯል። አባዬ እርሻ ኮሌጁ የከብት እርባታ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ላም ለማለብ ይነሳል። ካፖርቱ ሁልጊዜ ወተት ወተት ይሸት ነበር።

ፋይሉን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። እስከ 1992 ድረስ ያሉት ደብዳቤዎች የኮሌጁ ማኅተም አላቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚል ክብ ማኅተም አለ። ላሞቹ እነዚያው ናቸው። በረቱም፣ አባዬም ያው ነው። የተለወጠው ማኅተሙ ነው። ለረጅም ሰዓት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዤ ተቀመጥኩ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ቡና በተጠጣበት ሁሉ አንድ ጥያቄ እሰማለሁ። «የእኛም ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ይሁንልን» ይላሉ። የሚያወሩት በክልል ሥር ስላሉት ኮሌጆች ነው፤ መምህራን ስለሚያሠለጥኑት። ጥያቄው ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲ የገባበት ከተማ ቤት ኪራይ ይገባል፣ ሥራ ይገባል፣ አስፋልት ይከተላል። እኛ ጅማዎች ይህን አይተነዋል። ስለዚህ እኛ በደንብ ልንናገርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። እርሻ ኮሌጁ በ1940ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ከአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ አግዘውታል። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ግቢ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች የተማሩት እዚሁ ጅማ ነው። ይህን ሳስብ ደረቴ ይነፋል። ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ መጣ። በ1992 ሁለቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በዚያ ሰሞን የባሕር ዳሩ፣ የመቀሌውና ደቡብ የተባለው ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነባር ኮሌጆችን በማዋሃድ ነው የተፈጠሩት። ልክ ከዚያ በፊት አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ።

አሁን ሕጉ ጋ ልምጣ። ብዙ ሰው «ፓርላማው ያጽድቅልን» ይላል። ፓርላማው የሚያወጣው አዋጅ ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ ቁጥር 1152/2011። እሱ ለሁሉም ነው። አንድን የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚያቋቁመው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ደንቡ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አጭር ነው፤ ቡና ሳይበርድ ተነብቦ ያልቃል። ዩኒቨርሲቲው የሕግ ሰውነት አለው ይላል። ቦርድና ሴኔት ይኖረዋል ይላል። በጀቱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ዲግሪ ይሰጣል።

በክልል ሥር ያለ ኮሌጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ተጠሪነቱ መዞር አለበት። አዲስ አበባ ያለውን የኮተቤን ኮሌጅ ተመልከቱ። መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር እያለ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በኋላ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረና የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሕንፃው ከዚህ ወደዚያ አልሄደም። ደመወዝ የሚከፍለውና ሪፖርት የሚቀበለው ነው የተለወጠው።

እኔን የሚይዘኝ ግን እንዲህ ያሉ ደንቦች መጨረሻ አካባቢ የምትገኝ አንዲት አንቀጽ ናት። ማንም አያነባትም። የቀድሞው ተቋም መብትና ግዴታ በዚህ ደንብ ለዩኒቨርሲቲው ተላልፏል ትላለች። መብት የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። መሬቱ፣ ሕንፃው፣ መኪናው፣ የአባዬ ላሞች ሳይቀሩ ይተላለፋሉ። ግዴታስ? ጠበቃ ብትጠይቁ ዕዳና ውል ነው ይላችኋል። ትክክል ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ይሰፋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ቤታችን ይመጡ ነበር። ሲቢቲፒ ይባላል፣ ማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ማለት ነው፤ የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የመጣ ልማድ ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ ብቻ አይማርም፣ ሰፈር ወርዶ በር እያንኳኳ ይማራል። አንድ ቀን ዝናቡ እንደ ዛሬ ነበር። አንድ ቀጭን ልጅ ወረቀቱን በጋዋኑ ውስጥ ሸሽጎ መጣ። እማዬ «ግባ ልጄ፣ በስብሰሃል» አለችው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። «እትዬ፣ የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? ሽንት ቤቱ ክዳን አለው?» እያለ ጠየቀ። እማዬ ፍም አቀረበችለት። ወረቀቱን በፍሙ እያሞቀ ነበር የሚጽፈው። ከወር በኋላ ተመልሰው መጡና ሰፈሩን ሰብስበው ያገኙትን ነገሩን። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ተጋግዞ ጉድጓድ ቆፈረ። እማዬ እስከ ዛሬ ያን ልጅ «ዶክተሬ» ነው የምትለው። ስሙን አታውቀውም።

ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ይህ ልማድ አልቀረም። ለሌሎቹም ትምህርት ክፍሎች ተዳረሰ፤ መሪ ቃሉም «ማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ሆነ። የተላለፈው ግዴታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕዳው ለባንክ ሳይሆን በር ለከፈተለት ሰው ነው።

እና አሁን ዩኒቨርሲቲ ይሁን የሚባለው መምህራን ኮሌጅ ግዴታው ምንድን ነው? ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ማፍራት ነው። በየወረዳው፣ ጭቃ ውስጥ በእግሩ ሄዶ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዓይኑ ወደ ማስተርስ፣ ወደ ኢንጂነሪንግ፣ ወደ ቢዝነስ ይሄዳል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ስሙ ራሱ ይጎትተዋል። ያኔ የአንደኛ ደረጃ መምህሩን ማን ያሠለጥናል? እኔ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፣ ሌላው አይደለም። ቤተ ሙከራ ቀስ ብሎ ይሟላል። ዶክትሬት ያለው መምህርም ይመጣል። የተቋረጠ ሥራ ግን ዳግም ለማስጀመር ከባድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ደንቡ ሲረቀቅ ዓላማ የሚለው አንቀጽ ላይ የመምህራን ሥልጠናው በስሙ ይጻፍ። «በተለያዩ የትምህርት መስኮች» በሚል ሰፊ ቃል አይሸፈን። ኮተቤ ስሙ ውስጥ ሳይቀር ትምህርት የሚለውን ይዟል፤ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክልሉም ኮሌጁን አስረክቦ እጁን እንዳያጥብ፣ ቦርዱ ላይ ወንበር ይኑረው። ሕግ የሚወጣው አንድ ቀን ነው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማሻሻል ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ሐዋሳና ዲላ ተብሎ እስኪለይ ዓመታት ወስዷል። መጀመሪያውኑ ቁጭ ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ማየት ይሻላል። ረቂቁ ሳይጸድቅ በፊት የኮሌጁ መምህራን፣ የወረዳ ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ ወላጆችም ይጠየቁ። ጽዳት ሠራተኛውና ዘበኛውም ጭምር። እነሱም ፋይል አላቸው።

አባዬ ጡረታ ሲወጣ የአገልግሎት ዘመኑ ሲቆጠር ከኮሌጁ ዘመን ጀምሮ ነው የተቆጠረው። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ሁሉም ዓመት ተደምሮ ተጽፏል፤ ከታችም በእጁ ፈርሟል። ፋይሉን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አላስገባሁትም። እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ ማይኩ ጎን ነው ያለው። ሽታ በማይክ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ታሸቱት ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም ወተት ወተት ይላል።

በሉ፣ ዝናቡም አባርቷል። ደህና ሰንብቱ።