ዴምፕሲ ዊልስን ሸሽቶታል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት የአድማጮች ሰዓታችን ስለ ድሮ ከባድ ሚዛን ቦክስ ነበር። ከዳንግላ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከቡሬ ደውላችሁልናል። ሰዓቱ ስላጠረ በችኮላ ያለፍኳቸውን መልሶች እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዳንግላ፦ «መምህር፣ ጃክ ዴምፕሲ ሃሪ ዊልስን ፈርቶ ነው ያልገጠመው ይባላል። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ሸሽቶታል። ፈርቶታል የሚለውን ግን ለመቀበል ይከብደኛል። ጁላይ 4 ቀን 1919 አሜሪካ ቶሌዶ ላይ የጊዜውን የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጄስ ዊላርድን ገጥሞ ሻምፒዮናውን ሲወስድ ዴምፕሲ 85 ኪሎ ገደማ ነበር። ዊላርድ 111 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያው ዙር ብቻ 7 ጊዜ ጣለው። እንዲህ ያለ ሰው ግዙፍ አያስፈራውም።

ነገር ግን ሻምፒዮን በሆነ በቀናት ውስጥ ጥቁር ተጋጣሚ እንደማይቀበል አሳወቀ። ጋዜጦችም ጻፉት። በዘመኑ ይህን «የቀለም መስመር» ይሉታል። ዊልስ የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ነው። በእነዚያ ዓመታት ለሻምፒዮናው ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው እሱ ነበር። ስለዚህ በሩ የተዘጋበት ገና ጓንት ሳይጠለቅ ነው። ያን ቃል የተናገረው ደግሞ ራሱ ዴምፕሲ ነው። «አዘጋጆቹ ናቸው የከለከሉት» የሚለውን ክርክር በሙሉ ልብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ የእህል ነጋዴ ነኝ ያሉ አባት፦ «ልጄ፣ ውል ተፈራርመው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ውል ካለ ምን አገዳቸው?»

አባቴ፣ ሁለት ጊዜ ተፈራርመዋል። የ1922ቱ ወረቀት ላይ ቀረ። በጊዜው ትልቁ አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ ነበር። በ1910 ሬኖ ላይ ጥቁሩን ጃክ ጆንሰንን ከነጩ ጂም ጄፍሪስ ጋር ያጋጠመ ሰው ነው። ጆንሰን ሲያሸንፍ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ረብሻ ተነሳ፤ ሰው ሞተ። ሪካርድ ያን ዓይነት ግጥሚያ ዳግም ማዘጋጀት አልፈለገም።

ሁለተኛው ውል በ1925 ተፈረመ። አዘጋጁ ሌላ ሰው ነው። ለዴምፕሲ ቅድሚያ ክፍያ ቃል ተገባለት። ዴምፕሲ እንደተናገረው ባንኩ ሲጠየቅ ገንዘቡ የለም። እርስዎ ገበያ ያውቃሉ፤ ቀብድ ያልተከፈለበትን ጤፍ ማን ለገዢ ያስቀምጣል? እዚህ ላይ አልፈርድበትም።

የምፈርድበት በመካከል ባለፈው ጊዜ ነው። ሴፕቴምበር 1923 አርጀንቲናዊውን ፊርፖን በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ሙሉ ሻምፒዮናውን ለማንም አላስያዘም። 3 ዓመት! «ከዊልስ ሌላ አልገጥምም» ብሎ ቢቆም ኖሮ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም ነበር ብዬ አምናለሁ። የኒውዮርክ ቦክስ ኮሚሽን እንኳ «መጀመሪያ ዊልስን ግጠም» ብሎ ስለያዘው በ1926 ከጂን ተኒ ጋር የተጋጠመው ፊላደልፊያ ሄዶ ነው። በዚያም ከ120 ሺህ በላይ ሕዝብ እያየ በነጥብ ተሸነፈ።

ዊልስ የተወለደው በ1889 ነው። በዚያ ዓመት 37 ሆኖታል። እኔ ልጆች አሠለጥናለሁ። ግጥሚያ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ያለፈበት ልጅ እግሩ እንዴት እንደሚከብድ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሰው ያን ሁሉ ዓመት ማስጠበቅ ግፍ ነው።

ከሞጣ፦ «ቢገጥሙ ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?»

ለእኔ ዴምፕሲ። ሁለቱም የገጠሙትን ቦክሰኛ ፍሬድ ፉልተንን ዴምፕሲ በ1918 ደወሉ እንደተደወለ በሰከንዶች ውስጥ ዘረረው፤ ዊልስ በ1920 ሦስተኛ ዙር ላይ። ፊርፖን ደግሞ ዊልስ በ1924 ጥሎት ነበር፤ ፊርፖ ግን 12ቱንም ዙር በእግሩ ጨረሰ። የዘመኑ ሌላ ጥቁር ቦክሰኛ ሳም ላንግፎርድም ዊልስን ሁለት ጊዜ በዝረራ አሸንፎታል። ሆኖም ዊልስ ረጅምና ጉልበተኛ ነው፤ ተጠግቶ አቅፎ መያዝም ይችልበታል። በ1921 ወይም በ1922 ቢሆን ዴምፕሲን ያደክመው ነበር።

ከቢቸና የደወለች እህት፦ «ነጮቹን ብቻ ለምን እንወቅሳለን? ጃክ ጆንሰንስ ጥቁሮቹን አልሸሸም?»

ልክ ነሽ እህቴ፤ ሸሽቷል። ከ1908 እስከ 1915 ሻምፒዮን ነበር። ላንግፎርድን ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት በ1906 አሸንፎታል። ከዚያ በኋላ ዕድል አልሰጠውም። በነዚያ ዓመታት ለሻምፒዮና የገጠመው ጥቁር ጂም ጆንሰን ብቻ ነው፤ በ1913 ፓሪስ ላይ፣ እሱም በአቻ ውጤት። የገንዘቡ ጉዳይ ለእሱም ያው ነበር። ተመልካች የሚከፍለው ነጭ ሲያሸንፈው ለማየት ነው።

ከቡሬ፦ «ታዲያ በሩ መቼ ተከፈተ? ዊልስስ መጨረሻው ምን ሆነ?»

የተከፈተው በ1937 ነው። ጥቁሩ ጆ ሉዊስ ቺካጎ ላይ ነጩን ሻምፒዮን ጂም ብራዶክን በዝረራ አሸነፈ። ጆንሰን ከተሸነፈ 22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለእኛ የሚቀርበው ግን የሉዊስ ሌላ ግጥሚያ ነው። ጁን 25 ቀን 1935 ኒውዮርክ ላይ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አስቆመው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ያን ምሽት የእኛን አገር እያሰቡ ነበር የሚጮኹት። በኦክቶበር የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። አባቶቻችን በጎጃም ተራሮች ከዚያው ጦር ጋር ሲታገሉ ሉዊስ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር።

ዊልስ ከቦክስ ሲወጣ ገንዘቡን በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ውስጥ ቤት ገዛበት፤ እያከራየ ኖረ። በየዓመቱ ደግሞ አንድ ወር ያህል ውሃ ብቻ እየጠጣ ይጾም ነበር። ይህን ሳነብ ጾም የማያፈርሱት የእኛ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። በ1958 ኒውዮርክ አረፈ። ዴምፕሲ ለያዘው የዓለም ሻምፒዮና አንድም ጊዜ ሪንግ ላይ አልወጣም።