መስመሩ ተቋረጠ

እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል... እሺ። እንዴት ከረማችሁ። ስለ ጀነሬተር እንደማላወራ ባለፈው ቃል ገብቼ የለ? እስካሁን አላወራሁም፣ ልብ በሉልኝ።

የሐሙሷ ጠዋት ነገር ናት ያልወጣችልኝ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ይኼ የአንድ ጣቢያ አመል ብቻ አይደለማ። የስልክ ሰዓት ነው። አቅራቢው «ሄሎ፣ ከየት ነው?» ይላል። እናት ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ። «ከወረባቦ ነኝ ልጄ።» ወዲያው የራሳቸው ድምፅ ከኋላ ይደርስና «...ነኝ ልጄ» ይላል። «እናቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።» «እ?» «ሬዲዮዎን! ይቀንሱት!» «ሬዲዮው እኮ የኔ አይደለም።» ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ...» ብለው አንድ ነገር ጀመሩ፣ ድምፃቸው ወረደ፣ ጠፋ። «ይቅርታ አድማጮቻችን፣ መስመሩ ተቋረጠ።» ዘፈን ገባ።

አልተቋረጠም እኮ! ቅጂውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ኔትወርክ ሲቆርጥ ወይ ድምፁ መጀመሪያ ይንተባተባል፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ወይ ባንዴ ጭጭ ይልና ቱ... ቱ... ይከተላል። እዚህ ላይ ግን የግቢው ጫጫታ፣ አንዲት ዶሮ አለች፣ የገደል ማሚቶው፣ የሳቸው ድምፅ፣ ሁሉም እኩል እየሳሱ ነው የሄዱት። እሱ የጣት ሥራ ነው። ሚክሰሩ፣ ማለትም ድምፆቹን የሚያቀላቅለው መሣሪያ ላይ፣ የስልኩ ፌደር፣ ድምፅ ማውጫና ማውረጃው፣ ወደ ታች ሲሳብ የሚመጣ ድምፅ ነው።

ሬዲዮ ቀንሱ የሚባለው ለወግ አይደለም፣ ልክ ነው። የደዋዩ ድምፅ በስልክ ስቱዲዮ ይገባል፣ ከሚክሰር ወደ ማሰራጫ፣ ከማሰራጫ ቤት ወዳለው ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ተመልሶ በዚያው ስልክ። ዙሩ ፈጣን ከሆነ ፉጨት ይሆናል። መንገዱ ላይ ዲጂታል መሣሪያ ካለ ድምፁ ይዘገይና ማሚቶ ይሆናል። ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል። ዕድሜ አይደለም፣ አብዛኞቻችሁም ብትሆኑ ትንተባተባላችሁ።

መፍትሔው ያለው ስልክ የሚያነሳው ሰው ጋ ነው። አየር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ስም፣ ቦታ፣ ጉዳይ፣ ከዚያ «ሬዲዮ አጠገብዎ አለ?»። «ቀንሱ» አይደለም ጥያቄው። «አለ?» ነው። ካለ «አስር እርምጃ ራቅ ይበሉ» ይባላሉ፤ ይኼ የማንም ሬዲዮ ቢሆን ይሠራል። ሳይጠየቁ አየር ላይ ከወጡ ፌደሩን ግማሽ ድረስ ብቻ ዝቅ ማድረግ፤ ዙሩ ይዳከማል፣ ሰውየው ግን አሁንም ይሰማል። ሌላም አለ። ወደ ደዋዩ ጆሮ የሚላከው ድምፅ ውስጥ የራሱ የደዋዩ ድምፅ መኖር የለበትም። እሱ በትክክል ካልተቀነሰ ሬዲዮውን ጉድጓድ ብትቀብሩትም ማሚቶው አይቆምም። ሬዲዮ ተዘግቶም ማሚቶ ካለ ጥፋቱ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስንት ሰው በከንቱ ተቆጥተናል... ተውት።

«የኔ አይደለም።» የማን ነው ታዲያ? የስልካቸው ሬዲዮ አይደለም። በብዙዎቹ ባለቁልፍ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው አንቴና የሚሆነው፣ ጥሪ ሲኖር ደግሞ ሬዲዮው ራሱ ዝም ይላል። ስለዚህ የጎረቤት ነው፣ ወይ የሱቅ። በሙሉ ድምፅ የተከፈተ።

እዚያ ላይ አገሩን አስቡት፣ ወረባቦ ደቡብ ወሎ ነው። ኤፍኤም እንደ ዓይን ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፣ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ገደማ። አንዱ ተዳፋት ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለው መንደር ሽሽሽ ብቻ። ማሰራጫው ኃይል ይጨመርለት ይባላል ሁልጊዜ። ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፣ በሞገድ ጉልበት መለኪያ ትንሽ ጭማሪ ማለት ነው፤ ተራራ የጋረደውን ሸለቆ 3 ዴሲቤል ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ሸለቆውንም ዋናውን ማሰራጫም የሚያይ ጉብታ ላይ ሞገዱን ተቀብላ የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ ማቀበያ ናት። ማቀበያዋ ደግሞ መብራት ትፈልጋለች፣ መብራቱ ሲሄድ ደግሞ ጀ... አላልኩም።

እና እንዲህ ያለ ቦታ የሚይዝ አንድ ሬዲዮ ከተገኘ አይነካም። የያዘበት ግድግዳ ላይ ይቀመጣል፣ ድምፁ ይለቀቃል፣ ሰው ወደሱ ይመጣል። «ቀንሱት» ማለት ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ማን ደፍሮ ይቀንሳል?

የገባውን ዘፈን ታውቃላችሁ? አምባሰል። ቅኝቱ ማለቴ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ አገር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ሰው ሲቆረጥ ቶሎ የሚሞላውም በነሱ ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አልመጣም። መንዙማም ላይ ያው ነው። መሪው ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል፣ ድቤው ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው፤ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ገና ነው። እኛ አራት ደቂቃ ሰጥተን መሪው አውጥቶ ሳይቀበሉት እናወርደዋለን። ቢያንስ ከተቀበሉ በኋላ ይውረድ። ፌደር የያዘ ሰው ግጥሙን መስማት አለበት፣ ሰዓቱን ብቻ አይደለም።

ግን ቴክኒሻኑንም አልፈርድበትም... ልፍረድበት? ዜና ሊገባ ነበር። ከዋናው ጣቢያ የሚቀበሉት ዜና በሴኮንዱ ነው የሚመጣው፣ አይጠብቅም። ማሚቶው ወደ ፉጨት እየሄደ ነበር፣ ፉጨት ደግሞ ጆሮ ይበሳል። ማውረዱን እኔም አወርደው ይሆናል። «ተቋረጠ» ማለቱ ነው... «አቋረጥናቸው፣ እንደውልላቸዋለን» ማለት ስንት ቃል ነው? ቁጥራቸው እኮ ስልኩ ላይ አለ። ወይ ደውለው ይሆናል፣ አየር ላይ ስላልወጣ ነው እኔ ያልሰማሁት። ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻዋ ቃል ናት ግን። «ልጄ...»። የኛ እናቶች ልጄ የማይሉት ሰው የለም፣ አቅራቢውንም እያሉት ነበር። የመጀመሪያዋ «ነኝ ልጄ» ወደ ታች ነው የምትወርደው፣ የምታልቅ ናት። ይቺኛዋ ወደ ላይ ነው የምትሄደው። እንደ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ። ልጄን... ልጄ እኮ... «ን» ትሁን ማሚቶ ትሁን፣ በስልክ ድምፅ አይለይም። አሁን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫው ልስማት፣ ቆዩ...

...

«ን» ትመስላለች። አይ። ቆይ አንዴ—