ጥሪ ነው ልክፍት? ቁማር በፊልም ዓይን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ «ራውንደርስ» የሚለውን የአሜሪካ ፊልም እንየው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። ማት ዴመን የሕግ ተማሪ ሆኖ ይተውናል። ገና ሲጀምር ያጠራቀማትን 30,000 ዶላር ይዞ ኒውዮርክ ውስጥ ፖከር፣ ማለትም የካርታ ቁማር፣ ወደሚጫወቱበት ድብቅ ቤት ይገባል። ካርታው ቆንጆ ነው፣ ያለችውን ሁሉ ያስይዛል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ጆን ማልኮቪች ግን የተሻለ ካርታ አለው። አለቀ፣ ባዶ እጁን ወጣ።

ሌላ ፊልም ቢሆን ምክሩን እዚህ ጋ ይጀምር ነበር። ይሄኛው የሚያሳየን ልጁ ቁማር ካቆመ በኋላ ሕይወቱ እንዴት ጨው እንዳጣ ነው።

ከዚያ የሕግ መምህሩ ይመጣሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ አይሁዳዊ። ቤተሰባቸው ራቢ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መሪ፣ እንዲሆኑ ሲያስተምራቸው ጎበዝ እንደነበሩ፣ ልባቸው ግን እዚያ ስላልነበር ትተው ወደ ሕግ እንደገቡ፣ አባታቸውም ከዚያ ወዲህ እንዳላናገሯቸው ለልጁ ያጫውቱታል። ሰው ከማንነቱ አያመልጥም ለማለት ነው። በኋላ ሲቸግረው 10,000 ዶላር ያበድሩታል። አያችሁ ጨዋታውን? የሃይማኖት ትምህርት ጥሎ የመውጣት ታሪክ ለፖከር ጠበቃ ሆኖ ቆመ።

ቆሻሻውን ደግሞ ጓደኛው ተሸከመ። ከእስር የወጣው ኤድዋርድ ኖርተን ያጭበረብራል፣ ዕዳ ይቆልላል፣ የኛ ልጅ ንጹሕ ነው። እኔም የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው።

እኛ ግን ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለን፦ ጥሪ እና ልክፍት። ልክፍት የያዘውን ሰው ጸበል ይወስዱታል እንጂ ወደ ቁማር ከተማዋ ላስ ቬጋስ ቲኬት አይቆርጡለትም።

ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ የ1988ቱን የዓለም ፖከር ፍጻሜ በቪዲዮ እየደጋገመ ያያል። በእውነተኛው ዓለም ያው ውድድር በ2003 839 ተጫዋቾች ነበሩት። ያን ዓመት በኢንተርኔት በ86 ዶላር የጀመረ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ። የአባቱ ስም መኒሜከር ነው፣ ገንዘብ ሠሪ እንደማለት፣ እኔ አልፈጠርኩትም! በ2006 ተጫዋቾቹ 8,773 ደረሱ። ኢንተርኔቱና ቴሌቪዥኑ ብዙ ሠርተዋል፣ ሁሉን ለፊልሙ አልሰጥም። ግን ከእነዚያ ሁሉ አንደኛ የወጣው አንድ ሰው ነው፣ በየጠረጴዛው የቀሩትን ማንም ፊልም አልሠራላቸውም።

መጨረሻው ላይ ልጁ ሁሉንም አሸንፎ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ወደ ቬጋስ እየሄደ። ኪሱ ውስጥ ስንት ቀረው መሰላችሁ? 30,000 ዶላር። ፊልሙ እዚያው ያልቃል።